አልኮል ወደ ስብ ካልተቀየረ ቦርጩ ከየት መጣ?

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ እየተዛወረ ነው። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። አራቱም የለየላቸው የቢራ ወዳጆች ናቸው። አንደኛው ከሥሩ «በል እንግዲህ!» ብሎ ጽፎበታል። የጽሑፉ መልእክት ባጭሩ ይህ ነው፦ ክብደት ለመቀነስ መጠጥ መቀነስ አያስፈልግም።

እንዲህ ያለ ዜና ቢስፋፋ አይገርምም። እኔም ባምነው ደስ ባለኝ። ቀዝቃዛ ቢራ እወዳለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰባኪ መጣ እንዳትሉኝ ነው። ጽሑፉን መመለስ ከባድ የሚያደርገው ዓይን ያወጣ ውሸት አለመሆኑ ነው። የጠቀሳቸው ጥናቶች አሉ። ቁጥሮቹም ባብዛኛው ልክ ናቸው። ችግሩ ሁሉንም ነገር እስከ ግማሽ አንብቦ ማቆሙ ላይ ነው።

መጀመሪያ የጸሐፊውን ክርክር ሳላጣምም ላስቀምጥ። አንደኛ፣ አልኮል ሰውነት ውስጥ ወደ ስብ እንደማይቀየር በጥናት ታይቷል፤ ስለዚህ ካሎሪው ከቁጥር አይገባም ይላሉ። ሁለተኛ፣ የሚያወፍረው ስኳር ስለሆነ ከቢራ ወደ ቮድካ ወይም ወደ ጂን የዞረ ሰው ተገላግሏል። ሦስተኛ፣ በብዙ ሺህ ሴቶች ላይ በተደረገ ጥናት የሚጠጡት ከማይጠጡት ያነሰ ኪሎ ጨምረዋል። አራተኛ፣ አሁንም የሚጨነቅ ሰው ካለ መጠጥ ባለበት ቀን እራቱን ይዝለል፤ ሒሳቡ ይዘጋል። አምስተኛ፣ መጠጥ የሚከለክል ዳይት አይዘልቅም፤ ድንገት ማቆምም አደገኛ ነው። በመሐል ስለ ቀይ ወይንና ስለ ጠዋት ሚዛን ጣል ያደረጓቸው ነገሮች አሉ። እደርስባቸዋለሁ።

«አልኮል ወደ ስብ አይቀየርም»

ይሄ ከሞላ ጎደል እውነት ነው። ጸሐፊው የተመረኮዙት በ1999 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ላይ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ተመራማሪዎቹ ለጤነኛ ሰዎች 24 ግራም አልኮል ሰጡ። ሁለት ትንንሽ ቢራ ውስጥ ያለውን ያህል ማለት ነው። ከዚያ አልኮሉ የት እንደሚገባ ተከታተሉ። ወደ ስብ የተቀየረው ከ5 በመቶ በታች ሆኖ ተገኘ። ጸሐፊው እዚህ ላይ ሲደርሱ ወረቀቱን ያጠፉት ይመስለኛል።

እዚያው ጥናት ላይ ሌላ ውጤት አለ። ሰዎቹ ከጠጡ በኋላ በነበሩት ሰዓታት ሰውነታቸው የሚያቃጥለው ስብ ከ70 በመቶ በላይ ወርዷል።

ለምን? ሰውነት ስብ የሚያከማችበት ቦታ አለው። ለስኳርም ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ትንሽ ጎተራ አለው። ለአልኮል ግን የለውም። በዚያ ላይ አልኮል መርዝነት ስላለው ቶሎ መወገድ አለበት። ስለዚህ ጉበት ሌላውን ሥራ አቆይቶ እሱን ያስተናግዳል። መጀመሪያ አሴታልዲሃይድ ወደሚባል ነገር ይለውጠዋል። ይሄኛው ከአልኮሉም የባሰ ነው። ቀጥሎ ወደ አሴቴት ይለውጠውና ደም ውስጥ ይለቀዋል። ጡንቻና ሌሎች የሰውነት ክፍሎች አሴቴቱን እንደ ነዳጅ ያቃጥሉታል። እሱ እየነደደ ሳለ ስቡን የሚፈልገው የለም።

አንድ ቢሮ ደጃፍ ወረፋ ይዛችሁ ስትጠብቁ አንዱ ዘው ብሎ ገብቶባችሁ ያውቃል? እናንተን ከወንበራችሁ ያስነሳችሁ የለም። ጉዳያችሁ ግን ሳያልቅ መሸ። ስብ ማለት እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ባለጉዳይ ነው። አልኮል ዘው ብሎ የሚገባው ነው። ገብቶም ቶሎ አይወጣም። ጉበት በአንድ ሰዓት የሚጨርሰው ከ7 እስከ 10 ግራም ገደማ ነው። አራት ባለ 330 ሚሊሊትር ቢራ ውስጥ 50 ግራም ያህል አልኮል አለ። አስሉት። ማታ የጠጣችሁትን ጉበታችሁ ሲያስተናግድ ሌሊቱ ይጋመሳል፣ አንዳንዴም ይነጋል።

በ1992 የታተመ የስዊዘርላንድ ጥናት ደግሞ ሰዎችን የሚያቃጥሉት ነገር በሚለካበት ክፍል ውስጥ አስገብቶ ቀኑን ሙሉ ተከታትሏቸዋል። ከቀን ምግባቸው ሩቡን የሚያክል ጉልበት በአልኮል መልክ ተሰጣቸው። በ24 ሰዓት ውስጥ የተቃጠለው ስብ ሲሶ ያህል ቀነሰ። አልኮሉ ከምግቡ በላይ ሲጨመርም፣ በምግቡ ምትክ ሲሰጥም የስቡ መቀነስ አልቀረም። መጠኑ ብዙ ነው፤ ይሄን አልክድም። በቀን ከ90 ግራም በላይ ነበር። አቅጣጫው ግን ከ1999ኙ ጋር አንድ ነው።

እንግዲህ የጠጣችሁት ቢራ ራሱ ቦርጭ አልሆነም፤ ይሁን። ከቢራው ጋር የበላችሁት የተጠበሰ ድንች ዘይትስ? እሱ የሚያቃጥለው አጥቶ ጎተራ ገባ። ቦርጩ የመጣው ከዚያ ነው። ለቀበቷችሁ ቀዳዳ ስቡ ከቢራው ይምጣ ከድንቹ ልዩነት የለውም።

«ካሎሪው አይቆጠርም» የሚለው ደግሞ ከመቶ ዓመት በፊት የተዘጋ ፋይል ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዊልበር አትዋተር የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ሰዎችን በተዘጋ ክፍል ውስጥ እያስቀመጠ የሚያመነጩትን ሙቀት ይለካ ነበር። አልኮልም ሰጣቸው። አንድ ግራም አልኮል 7 ካሎሪ ያህል እንደሚሰጥና ሰውነት የሌላ ምግብ ያህል እንደሚጠቀምበት አሳየ። የሚገርመው ያን ጊዜ የተቆጡት የመጠጥ ተቃዋሚዎች ናቸው። እነሱ አልኮል ምንም የምግብ ጥቅም የለውም ይሉ ነበር። የመጠጥ ወገኖች በተቃራኒው «ምግብ ነው!» ብለው ደስ አላቸው። ዛሬ ደግሞ እነዚያው ወገኖች «ምግብ አይደለም፣ አትቁጠሩት» ይሉናል። አንዱን ይምረጡ እንጂ።

አንድ ነጥብ ለጸሐፊው ልስጥ። ሰውነት አልኮልን ለማስተናገድ የሚያወጣው ጉልበት ስብንና ስኳርን ለማስተናገድ ከሚያወጣው ይበልጣል። ከ100 ካሎሪ 15 ወይም 20 ያህሉ እንዲሁ በሙቀት መልክ ይጠፋል። ቀሪው 80ው ግን ያው አለ።

«ስኳር የሌለውን ጠጡ»

እዚህ ላይ ቀላል ስሌት ላሳያችሁ። ለማንኛውም ጠርሙስ ይሠራል። የመጠጡን መጠን በሚሊሊትር ውሰዱ። በአልኮሉ መቶኛ አባዙት (5 በመቶ ከሆነ በ0.05 ማለት ነው)። ከዚያ በ0.8 አባዙት፤ አልኮል ከውኃ ቀለል ስለሚል ነው። የሚመጣው የአልኮሉ ግራም ነው። እሱን በ7 ስታባዙት ካሎሪው ይወጣል።

330 ሚሊሊትር፣ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም አልኮል አለው። ከአልኮሉ ብቻ 90 ካሎሪ ገደማ ነው። ጠቅላላው 140 ያህል ነው። ማለትም የቢራውን ካሎሪ ሁለት ሦስተኛ የሚያመጣው ጸሐፊው የሚያሳድዱት ስኳር ሳይሆን አልኮሉ ራሱ ነው። አሁን ወደ ቮድካ እንሂድ። 45 ሚሊሊትር፣ 40 በመቶ፤ 14 ግራም አልኮል። 100 ካሎሪ። ስኳር ዜሮ። ስለዚህ ከቢራ ወደ ቮድካ መዞር 40 ካሎሪ ይቆጥባል። አንድ ትንሽ ፖም እንኳ አያክልም። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይሄ ነው። ወይንም ከዚህ አያመልጥም፤ 150 ሚሊሊትር ሲቀዳ 120 እና ከዚያ በላይ ነው።

ይህም 45 ሚሊሊትር ሲሆን ነው። እስቲ እውነት እንነጋገር። ቤቱ ተቀምጦ በመለኪያ የሚቀዳ ማን አለ? በዓይን ነው የምንቀዳው። ዓይን ደግሞ ለባለቤቱ ያደላል። ከሁለተኛው በኋላ ይብሱኑ ለጋስ ይሆናል።

ቮድካውን ባዶውን የሚጠጡትም ጥቂት ናቸው። በኮላ የሚጠጣ ሰው አንድ ጣሳ ኮላ 35 ግራም ስኳርና 140 ካሎሪ ይዞለት ይመጣል። በአንድ ድምር 240 ሆነ፤ ከሸሸው ቢራ በለጠ። ቶኒክም መራራ ስለሆነ ውኃ የሚመስላቸው አሉ። ውኃ አይደለም፤ ስኳር አለው። በሶዳ ውኃ፣ በትክክል ለክቶ የሚጠጣ ሰው ካለ አዎ፣ ጥቂት ይቆጥባል። ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ።

በነገራችን ላይ ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ብስኩት ብትገዙ ካሎሪው ከጀርባው ተጽፏል። ውስኪ ብትገዙ ብዙ ጊዜ ምንም የለም። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ እንኳ ከ1.2 በመቶ በላይ አልኮል ያለውን መጠጥ ከዚህ ግዴታ ነፃ አድርጎት ቆይቷል። ወይን ላይ መጻፍ ግዴታ የሆነው ገና በ2023 መጨረሻ ነው። የምንቆጥረውን የምንቆጥረው ስለተጻፈልን ነው። ያልተጻፈውን ዝም ብለን እንጠጣዋለን።

«የሚጠጡ ሴቶች ያነሰ ጨመሩ»

ጥናቱ እውነተኛ ነው። በ2010 ታተመ። 19,220 አሜሪካውያን ሴቶች ለ13 ዓመት ገደማ ክትትል ተደርጎባቸዋል። በመጠኑ የሚጠጡት ከማይጠጡት ያነሰ ኪሎ ጨምረዋል። ጸሐፊው ቁጥሩን በትክክል ጠቅሰዋል።

ያልጠቀሱት ግን ሴቶቹ ሁሉ ሲጀመር ክብደታቸው ጤናማ የነበረ መሆኑን ነው። ከመጠን በላይ የወፈረች አንዲትም አልነበረችም። ጥናቱ የጠየቀው «ቀጭን የሆነ ሰው በዕድሜ ማን ቶሎ ይወፍራል?» ብሎ ነው። እኛ ደግሞ የምንጠይቀው «ወፍሬያለሁ፣ ልቀንስ፤ መጠጡ ያግደኛል ወይ?» ብለን ነው። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች አንድ አይደሉም። ለአንዱ የተሰጠውን መልስ ለሌላው መጠቀም አይቻልም።

ሌላም አለ። ማንም እነዚያን ሴቶች በዕጣ ከፍሎ «አንቺ ጠጪ፣ አንቺ አትጠጪ» አላላቸውም። በራሳቸው ምርጫ ነው። በማታ አንድ ብርጭቆ ወይን ጠጥታ የምታቆም ሴት ምግቧ ላይም ለከት ልታውቅ ትችላለች። የማይጠጡት መካከል ደግሞ ታመው ያቆሙ አይጠፉም። ብርጭቆው ነው ያቀጠናት ወይስ በአንድ ብርጭቆ ማቆም የቻለው ጠባይዋ? ጥናቱ ይህን ሊለይ አይችልም።

ጥናት በጥናት ከሆነ ደግሞ ሌላው ጎን ይታይ። በ2003 የታተመ የእንግሊዞች ጥናት ከ7,600 በላይ ጎልማሳ ወንዶችን ለአምስት ዓመት ተከታትሏል። በቀን 30 ግራምና ከዚያ በላይ አልኮል የሚጠጡት ለውፍረት የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። የመጠጡ ዓይነት ለውጥ አላመጣም። ቢራም ይሁን ወይን፣ ያው።

«እገሌ ዕድሜውን ሙሉ ይጠጣል፣ ግን ክር ነው» የሚለውን ጸሐፊው አላነሱትም፤ ላኪዎቼ ግን አንስተውታል። ልክ ናቸው፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ። አብዛኛውን ጊዜ የቀጠኑት ምግብ ስላቆሙ ነው። የሚጎድላቸውም ስብ ብቻ አይደለም። እግራቸውንና ክንዳቸውን እዩ፤ ጡንቻው ነው ያለቀው። እንዲህ መቅጠን የሚመኝ ሰው ያለ አይመስለኝም።

«እራት ዝለሉ»

ከጽሑፉ ሁሉ አጥብቄ የምቃወመው ይህን ነው። በወረቀት ላይ ያምራል። 500 ካሎሪ እራት ይቀራል፣ 500 ካሎሪ መጠጥ ይገባል። እኩል በእኩል። ሰው ግን ወረቀት አይደለም።

ሆድ ውስጥ ምግብ ካለ አልኮሉ ወደ ትንሹ አንጀት የሚወርደው ቀስ ብሎ ነው። ባዶ ከሆነ ባንዴ ነው የሚገባው። አብዛኛው አልኮል ወደ ደም የሚገባው ከትንሹ አንጀት ስለሆነ ያው ብርጭቆ በባዶ ሆድ ጭንቅላት ላይ ቶሎ ይወጣል። ሞቅታው ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰናበተው ደግሞ «ዛሬ ሁለት ብቻ ነው» ያለው ሰውዬ ነው።

ከዚያ የበለጠ አሳሳቢ ነገር አለ። ምግብ ሳንበላ ስንቆይ የደም ስኳራችንን የሚጠብቀው ጉበት ነው። አዲስ ስኳር ይሠራል። አልኮል ሲመጣ ግን ይህን ሥራውን ያዳክምበታል። ስለዚህ በባዶ ሆድ ብዙ የጠጣ ሰው የደም ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን ለሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ይህ ቀልድ አይደለም። ከሰዓታት በኋላ፣ ተኝቶ ሳለ ሊከሰት ይችላል። ዙሪያው ያለው ሰውም «ሰክሮ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ጽሑፉ በብዙ ሺህ ሰው እጅ ገብቷል። ከእነዚህ መካከል የስኳር ሕመምተኛ እንደማይጠፋ ጸሐፊው ማሰብ ነበረባቸው።

እሺ፣ ጤነኛ ነን እንበል። እራት ዘለልን። ጠጣን። አሁን እኩለ ሌሊት ነው። ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን።

የዚህን ረሃብ ነገር ሳይንሱም ደርሶበታል። በ2017 የታተመ የአይጦች ጥናት አለ። አልኮል የተሰጣቸው አይጦች ብዙ በሉ። አእምሯቸው ውስጥ ሲታይ በረሃብ ጊዜ የሚነቁት ሴሎች ነቅተው ተገኙ። ተመራማሪዎቹ እነዚያን ሴሎች ሲዘጓቸው ከልክ በላይ መብላቱ ቆመ። ሌላ ጊዜ ጠግበን በልተን ሆዳችን ዝም ይላል። አልኮል ግን ካሎሪ እየሰጠን የረሃብ ደወል ይደውላል። አይጥ ሰው አይደለም፤ ግን ሰው ላይ የተደረጉ ሙከራዎችም የሚያሳዩት ከጠጡ በኋላ ሰዎች ምግባቸውን እንደማይቀንሱ፣ እንዲያውም ትንሽ እንደሚጨምሩ ነው። ስለዚህ እኩለ ሌሊት ላይ ማቀዝቀዣ የሚከፍተው ሰው ሆዳም ስለሆነ ብቻ አይደለም።

የራሴን ላውራ። አንድ ሰሞን የምበላውን ሁሉ በደብተር እጽፍ ነበር። ጠንቃቃ ነበርኩ። የሻዩን ስኳር ሳይቀር እጽፍ ነበር። ኪሎዬ ግን ንቅንቅ አላለም። ሁለት ወር ሙሉ! አንድ ቀን ደብተሩን መለስ ብዬ ሳገላብጥ አንድ ነገር አየሁ። ዓርብ ማታና ቅዳሜ ማታ ባዶ ናቸው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ እያንዳንዱ ጉርሻ ተመዝግቧል። ዓርብ ከምሳ በኋላ ጽሑፉ ይቆማል። እሑድ ከሰዓት ይቀጥላል። ደብተሩ አልዋሸኝም። እኔ ነኝ ያልነገርኩት።

ስሌቱ ያስደነግጣል። በቀን 500 ካሎሪ ከፍላጎቱ በታች የሚበላ ሰው በሳምንት 3,500 ይቆጥባል። ዓርብ አራት ቢራ፣ ቅዳሜ አራት ቢራ፤ 1,120 ካሎሪ። የሳምንቱ ቁጠባ ሲሶ ያህል ሄደ። በሁለቱም ሌሊት አንድ አንድ 500 ካሎሪ ነገር ከተበላ 2,120 ሆነ። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ሰውዬው ታዲያ ሰኞ ሚዛን ላይ ወጥቶ «ዳይት ለእኔ አይሠራም» ይላል።

እንቅልፉንም አስገቡበት። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፤ ይሄ እውነት ነው። ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። ሕልም የምናይበትንም ክፍል ያሳጥረዋል። ይሄ ከኪሎ ጋር ምን አገናኘው? በ2010 የታተመ አንድ ትንሽ ጥናት አለ። አሥር ሰዎች ናቸው፤ ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው። እኩል ካሎሪ እየበሉ አንድ ጊዜ ለሁለት ሳምንት 8 ሰዓት ተኩል፣ ሌላ ጊዜ ለሁለት ሳምንት 5 ሰዓት ተኩል የመኝታ ጊዜ ተሰጣቸው። የቀነሱት ኪሎ ተቀራራቢ ነበር። ከቀነሱት ውስጥ የስቡ ድርሻ ግን እንቅልፍ ሲያንሳቸው በ55 በመቶ ወረደ። ስቡ ቀረ፤ የሄደው ጡንቻና መሰሉ ነው። የጥናቱ ሰዎች አልጠጡም፣ እንቅልፋቸው በሌላ ምክንያት ነው ያጠረው። እኔ የምለው፣ በራሳችን እጅ ሌሊቱን የምንቆራርጥበት ምክንያት ምንድን ነው?

ከዚያ ጠዋቱ አለ። ጂም የታሰበበት ጠዋት። ስለ ሃንጎቨር ማብራሪያ የሚፈልግ አንባቢ ያለኝ አይመስለኝም።

ታዲያ እራት የዘለለው ሰው ምን አተረፈ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው። ፕሮቲን ያለው፣ የሚያጠግብ እራት ጥሎ የሌሊት ጥብስ አነሳ። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። የምትጠጡ ከሆነ በደንብ በልታችሁ ውጡ። የሚዘለለው ነገር ካለ ሦስተኛው ብርጭቆ ይሁን።

ስለ ጠዋቱ ሚዛንና ስለ ቀይ ወይን

ጸሐፊው «ጠጥታችሁ ያደራችሁ ጠዋት ተመዘኑ፤ ቀንሳችሁ ታገኙታላችሁ» ብለዋል። ልክ ነው፣ ልትቀንሱ ትችላላችሁ። አልኮል ኩላሊት ውኃ እንዲይዝ የሚያዘውን ሆርሞን ያፍነዋል። ለዚህ ነው ማታ ሽንት ቤት ስትመላለሱ የምታመሹት። የጎደለው ውኃ ነው። ስትጠጡ ይመለሳል።

ቀይ ወይን ውስጥ ስላለው ሬስቬራትሮልም ጽፈዋል። «ስብ ያቃጥላል»። አንድ ሊትር ቀይ ወይን ውስጥ ያለው ጥቂት ሚሊግራም ነው። በ2011 ተስፋ ሰጪ ተብሎ የተወራለት የሰዎች ሙከራ በቀን 150 ሚሊግራም በክኒን ነበር የሰጠው። ያን ያህል ከወይን ለማግኘት የሚያስፈልገውን ጠርሙስ ቁጠሩት። እንለፈው።

«መከልከል አይሠራም፣ ማቆምም አደጋ ነው»

የመጨረሻው ነጥብ ላይ ከጸሐፊው ጋር ብዙም አንጣላም። «ከዛሬ ጀምሮ ጠብታ አልነካም» ብሎ የጀመረ ዳይት በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ሲፈርስ ስንት ጊዜ አይተናል። የሚወደውን ሁሉ የተነፈገ ሰው ቂም ይይዛል። ቂሙን የሚወጣው ደግሞ በራሱ ላይ ነው።

ጽሑፉ ግን «መቀነስ»ን እና «ማቆም»ን እንደ አንድ ቃል ነው የያዛቸው። ማቆም ከባድ ስለሆነ መቀነስም ትርጉም የለውም የሚል ድምዳሜ ላይ ይደርሳል። ለምን? ስኳር የሚወድ ሰው ሻዩን ከሦስት ማንኪያ ወደ አንድ ሲያወርድ ማንም «ወይ ሙሉ በሙሉ ተው፣ ወይ እንደፈለግህ ሁን» አይለውም።

እኔ የደብተሩን ጉድ ካየሁ በኋላ ያደረግኩት ቀላል ነው። ለሁለት ሳምንት ምንም ሳልቀንስ የጠጣሁትን ብቻ ጻፍኩ። ከእያንዳንዱ አጠገብ «ጣመኝ» ወይም «እንዲሁ» ብዬ ምልክት አደረግኩ። የመጀመሪያው ብርጭቆ ሁልጊዜ «ጣመኝ» ነው። ሁለተኛው አልፎ አልፎ። ከሦስተኛው ጀምሮ ያለው በሙሉ ማለት ይቻላል «እንዲሁ»። ሰው ስለቀዳልኝ፣ ጨዋታው ስላላለቀ፣ እጄ ባዶ ስለሆነ። ያቆምኩት «እንዲሁ»ዎቹን ነው። ምን እንደጎደለብኝ እስካሁን አላውቅም። በመሐል ውኃ መጠጣት ረድቶኛል። ቤት ውስጥ አለማስቀመጥ ከሁሉ በላይ ረድቶኛል። አልኮል የሌለው ቢራም ይረዳል፤ ብዙውን ጊዜ ካሎሪው ዝቅ ያለ ነው፣ ግን ስኳር የበዛበት ስላለ ጀርባውን አንብቡ።

ድንገት ማቆም አደገኛ ነው ስላሉት ጸሐፊውን ማመስገን አለብኝ፤ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ በብዛት የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም እጁ ሊንቀጠቀጥ፣ ላብ ሊያጠምቀው፣ የሌለ ነገር ሊያይ፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊይዘው ይችላል። ሲብስ ሕይወት ይነጥቃል። ጠዋት ሳይጠጣ እጁ የማይረጋ ሰው ክብደት ለመቀነስ ብሎ በራሱ ጊዜ ማቆም የለበትም። መጀመሪያ ሐኪም ጋ ይሂድ፤ በመድኃኒት ታግዞ በሰላም ማቆም ይቻላል።

ነገር ግን ይህ ማስጠንቀቂያ የተጻፈው ለማን ነው? የጽሑፉ አንባቢ ቅዳሜ ማታ አራት ቢራ የሚጠጣና ሱሪው የጠበበው ሰው ነው። እሱ ከአራት ወደ ሁለት ቢያወርድ የሚያንቀጠቅጠው ነገር የለም። ለአንዱ ሕመምተኛ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ ለሌላው ማመካኛ አድርጎ መስጠት ጥሩ አይደለም።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን ሊያርሙት ካሰቡ ብዙ አላስቸግራቸውም። የእራቱን ምክር ያውጡት። የ1999ኙን ጥናት ከጠቀሱበት ቦታ ደግሞ ያችኑ የስቡን መስመር ይጨምሩባት። ሌላው ሙሉ በሙሉ ባንስማማበትም እንዲሁ ሊቆይ ይችላል። እኔም ለአራቱ ላኪዎች የታረመውን መልሼ እልክላቸዋለሁ፤ «በል እንግዲህ!» ብዬ።